ደርሶ መልስ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ክለቦች የአትሌቶች ተወካይ እንዴት እናፍራ?

የክለባችን የአትሌቶች ተወካይ ሆኜ የተመረጥኩት በጭብጨባ ነው። አንድ ጠዋት ከልምምድ በኋላ አሰልጣኛችን «ማን ይሁን?» አለ። አንዱ ስሜን ጠራ። ተጨበጨበ። አለቀ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስብሰባ ተጠራሁ። ያጠብኩትን ቱታ ለብሼ ሄድኩ። አጀንዳው ምን እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። «የበጀት ማስተካከያ» የሚል ወረቀት ዞረ። ሰው እጁን ሲያወጣ እኔም አወጣሁ። ለውድድር ስንወጣ የሚከፈለን ውሎ አበል ተቀንሶ እንደነበር የገባኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ልጆቹ መንገድ ላይ ሌላው ሰው ምሳ ሲበላ ዳቦ ተካፍለው ሲቀመጡ አየሁ። «አንተ እዚያ አልነበርክም እንዴ?» አለችኝ አንዲት የ1,500 ሜትር ሯጭ። ነበርኩ። እጄንም አውጥቻለሁ።

አሁን ሩጫ ካቆምኩ ቆየሁ፤ ታዳጊዎችን በማሠልጠን አግዛለሁ። ያቺ ጥያቄ ግን አልለቀቀችኝም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በደሴና በኮምቦልቻ ላሉ አሰልጣኞች፣ የክለብ ጸሐፊዎችና ራሳቸው አትሌቶች ነው። ለእግር ኳስም፣ ለቮሊቦልም፣ ለብስክሌትም ይሠራል። እኔ የማውቀው ሩጫ ስለሆነ ምሳሌዬ ከዚያ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ውክልና ደርሶ መልስ ነው። አብዛኛው ሰው ለመሄጃው ይዘጋጃል፦ ማን ይግባ፣ ምን ይናገር፣ እንዴት ይልበስ። መመለሻው ይረሳል። ከስብሰባ ወጥቶ ሜዳ ላይ ቆሞ «እንዲህ ብዬ ነበር፣ እንዲህ ተባልኩ» የማይል ሰው የጓደኞቹን ወንበር ይዞ ነው የሄደው። ከዚህ በታች ያለው እርምጃ ሁሉ ወደዚያ መመለሻ የሚያደርስ ነው።

ፕሬዚዳንትና ተወካይ አንድ አይደሉም

የስፖርተኛ መሪነት ሲነሳ ቶሎ የሚመጣልን የፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት ነው። ምሳሌ አላጣንም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ2011 ዓ.ም. ለቀቀ። ደራርቱ ቱሉ ተተካች። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ስለሺ ስህን ተመረጠ። ሦስቱም የኦሊምፒክ ሜዳሊያቸውን በ10,000 ሜትር ያገኙ ሰዎች ናቸው።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ፕሬዚዳንት የክልሎችንም፣ የክለቦችንም፣ የዳኞችንም፣ የአሰልጣኞችንም ጉዳይ ይይዛል። የተቀደደ ጫማ አስራ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የቆመች የ17 ዓመት ልጅ ጉዳይዋን በቅርብ የሚሰማት ሌላ ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው የአትሌቶች ተወካይ ነው። ላይ ሯጭ ቢቀመጥም፣ ታች ያለው መንገድ ከተዘጋ ድምፅ አይደርስም።

1. መጀመሪያ ደንቡን እጃችሁ አስገቡ

ከምርጫ በፊት ወንበሩ መኖሩን አረጋግጡ። የክለባችሁ መተዳደሪያ ደንብ የአትሌቶች ተወካይ ይላል? በየትኛው አካል ውስጥ? በጠቅላላ ጉባኤው ብቻ ነው ወይስ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴውም? ድምፅ ይሰጣል ወይስ ታዛቢ ነው? ማን ይመርጠዋል፣ ለስንት ዓመት፣ በምን ይወርዳል?

ደንቡ ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ነው። በቃል ጠይቃችሁ «እሺ፣ ይፈለጋል» ከተባላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። ደብዳቤው አጭር ይሁን። ቀን፣ ለማን፣ «ጉዳዩ፦ የመተዳደሪያ ደንብ ኮፒ ስለመጠየቅ»፣ ሦስት መስመር ሐሳብ፣ ስምና ፊርማ። በሁለት ኮፒ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፤ በሌላው ላይ የተቀባይ ፊርማ፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደርጉና ያዙ። ይህች ቁጥር ያለችው ወረቀት ለወጣት አትሌት የመጀመሪያ የአመራር ትምህርት ናት። ጥያቄ ከአፍ ወደ መዝገብ ሲገባ እንዴት ክብደት እንደሚያገኝ ያይባታል።

ደንቡ ተወካይ የማይል ከሆነ እንዲሻሻል ጠይቁ። የሚሻሻለው በጠቅላላ ጉባኤ ስለሆነ ጉባኤው ሳይጠራ ቀደም ብሎ አጀንዳ ማስያዝ ያስፈልጋል። እስከዚያው ድረስ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ (በስብሰባው የጽሑፍ መዝገብ) ወስኖ አንድ አትሌት በታዛቢነት እንዲቀመጥ ማድረግ ይችላል። ታዛቢነት ትንሽ ነው፤ ከደጅ ግን ይሻላል።

2. ፈጣኑን ትታችሁ የሚጠየቀውን ፈልጉ

ተወካይ ስንመርጥ ዓይናችን ሜዳሊያ ላይ ያርፋል። ይህ ስህተት ነው። ፈጣኑ ልጅ ጎበዝ ተወካይ ሊሆን ይችላል፤ ፍጥነቱ ግን ምንም አይነግረንም። በዚያ ላይ ውድድር የሚበዛበት እሱ ነው፤ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ከተማ ውስጥ አይገኝም።

ለሁለት ሳምንት ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ልጆቹ ሲቸግራቸው ወደ ማን ይሄዳሉ? አዲስ የመጣ ታዳጊ ሜዳው ጠፍቶት ሲቆም ማን ይጠራዋል? እኔ የማስታውሳት አንዲት ልጅ ነበረች። ከደሴ ወርደን ሐረጎ ዳገት ላይ ስንሠራ የሁሉም ጃኬት እሷ ጋ ነበር። ማንም አላዘዛትም። የማን ጃኬት የማን እንደሆነ ታውቃለች፤ አንድ ቀን አላምታታችም። የማን ጉልበት እንደሚያመው፣ የማን እናት እንደታመመች፣ ማን የቤት ኪራይ እንዳልከፈለ ታውቅ ነበር። ሰዓቷ ከቡድኑ መካከለኛ ነው። እኔ በጭብጨባ ስመረጥ ስሟን ያነሳ አልነበረም።

ጉዳት ላይ ያለ አትሌትንም አትርሱ። ጉዳት ልጁን ከቡድኑ ይነጥለዋል። ኃላፊነት ሲሰጠው ወደ ሜዳ ይመለሳል፤ ደግሞም የሕክምና ችግር ምን እንደሚመስል ከሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ሁለት ሰው ይሁን፤ አንድ ሴት፣ አንድ ወንድ። አሰልጣኙ አይምረጥ። አሰልጣኝ የመረጠው ተወካይ «የኮች ልጅ» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምስጢሩን አይነግረውም።

3. ምርጫው በወረቀት ይሁን

ጭብጨባ ይቅር። ቁራጭ ወረቀት፣ እስክሪብቶና አንድ ኮፍያ ይበቃል። ዕጩዎች ሦስት ሦስት ደቂቃ ይናገሩ፤ ምን እንደሚያደርጉ ብቻ ሳይሆን በየስንት ጊዜው ሪፖርት እንደሚያቀርቡም ይናገሩ። ቆጠራው ሁሉ እያየ ይደረግ። ውጤቱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ የተገኙት ይፈርሙ። ሁለተኛ የወጣው ተጠባባቂ ይሁን። ዘመኑ ሁለት ዓመት ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንድ ዓመት ለመማሪያም አይበቃም። ምርጫውን ለጃንሜዳ አገር አቋራጭ ወይም ለክልል ሻምፒዮና ዝግጅት በሚሯሯጡበት ሰሞን አታድርጉት፤ ያኔ የሁሉም ሐሳብ ሌላ ቦታ ነው።

4. ወረቀት ማንበብ አስተምሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። እኔን የጣለኝ ይህ ነው። ንግግር አልቸገረኝም፤ ወረቀት ነው ያልገባኝ።

ስድስት ቅዳሜ ይበቃል፤ ከረጅም ሩጫ በኋላ 45 ደቂቃ። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ልጆቹ ደክሟቸዋል፣ አይሰሟችሁም። ሻይና ዳቦ ይኑር፤ ርቦት የሚማር የለም። ሁለቱን ተወካዮች ብቻ አታስተምሩ። የፈለገ ሁሉ ይቀመጥ። የሚቀጥለው ተወካይ ከዚያ ይወጣል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የክለቡን ደንብ እየተቀባበሉ ጮክ ብለው ያንብቡ። በሁለተኛው ማን ምን እንደሚወስን ይለዩ። ጫማ የሚገዛው ክለቡ ነው። የከተማ ውድድር የሚያዘጋጀው ፌዴሬሽኑ ነው። የሜዳ ጥገና የከተማው ስፖርት መሥሪያ ቤት ጋ ይሄዳል። የሜዳ ጥያቄ ለክለብ ጸሐፊ፣ የጫማ ጥያቄ ለስፖርት ኃላፊ የሚያቀርብ ተወካይ ዓመቱን ሙሉ ሲመላለስ ይውላል። በሦስተኛው አጀንዳ፣ ምልዓተ ጉባኤና ቃለ ጉባኤ ምን እንደሆኑ ይማሩ። ምልዓተ ጉባኤ፣ ማለትም ለመወሰን መገኘት ያለበት የሰው ቁጥር፣ ሳይሟላ የተወሰነ ነገር ሊፈርስ እንደሚችል ያልሰማ ልጅ ብዙ ነው።

አራተኛውና አምስተኛው ለበጀት ይሁን። የምሠራበትን መንገድ ላሳያችሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የፈጠራ በጀት እጽፋለሁ፦ ለውድድር ጉዞ 120,000 ብር፣ አትሌት 20፣ ውድድር 4። «ለአንድ አትሌት ለአንድ ጉዞ ስንት ይደርሳል?» እላለሁ። ያካፍሉታል፤ 1,500 ብር ይወጣል። ከዚያ የመኪና ኪራይ 40,000 ብር ከዚያው እንደሚወጣ እጨምራለሁ። እንደገና ያሰሉታል፤ 1,000 ብር ይሆናል። «ከዚህ ላይ ማረፊያና ምግብ ስንት ቀን?» አንዷ ዝም ብላ ትቆይና «ኮች፣ ይሄኮ ለሦስት ቀን አይበቃም» ትላለች። በቃ፤ ገባት። ይህን ስሌት አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ልጅ «የበጀት ማስተካከያ» የሚል ወረቀት ሲዞር ዝም ብሎ እጁን አያወጣም።

ማንኛውም በጀት ላይ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ስንት ተጠየቀ፣ ስንት ተፈቀደ፣ እስካሁን ስንት ወጣ። ሦስተኛው ቁጥር ሲጠየቅ የስብሰባው አየር ይለወጣል። ልጆቹ በአክብሮት እንዲጠይቁት አስተምሯቸው።

ስድስተኛው ቅዳሜ ፀረ ዶፒንግ ነው፤ የተከለከሉ አበረታች ቅመሞችን ስለመከላከል። ሕጉ ጥብቅ ነው። በአትሌቱ አካል ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ራሱ አትሌቱ ነው፤ «ሰው ሰጥቶኝ ነው» ማለት ብቻውን አያድንም። ተወካይ ይህን ለታዳጊዎቹ ማስረዳት መቻል አለበት። የኢትዮጵያ ፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ትምህርት ይሰጣል፤ በክለቡ ደብዳቤ ጠይቁ።

5. ይሉኝታን በልምምድ ማሸነፍ

እኛ አካባቢ ሰው ይከባበራል። ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል። ይህን አልጠላም፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ግን ይሉኝታ ስብሰባ ውስጥ ሲገባ ዋጋው በሌላ ሰው ይከፈላል። እኔ ለመጠየቅ አፈርኩ፤ የተራቡት ልጆቹ ናቸው። ይህን ለተወካዮች ደጋግሜ የምነግራቸው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ድፍረት ብቻ አይደለም። ቃላት ያስፈልጋሉ። አክብሮትን ሳያጎድሉ መቆም የሚያስችሉ ቃላት። በደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ እነዚህን እንዲጽፉ አደርጋለሁ፦

«ይቅርታ፣ ይህ አጀንዳ ቀድሞ አልደረሰኝም። ለማንበብ ጊዜ ይሰጠኝ።»

«ይህን ከመወሰኔ በፊት የወከሉኝን አትሌቶች መጠየቅ አለብኝ።»

«አልገባኝም፤ እንደገና ቢብራራልኝ።»

«በአክብሮት፣ ልዩነቴ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»

የመጨረሻዋ ትልቅ ናት። ተሸንፋችሁም ቢሆን ልዩነታችሁ ከተመዘገበ ከስድስት ወር በኋላ ጉዳዩ ሲነሳ የምትጠቅሱት ገጽ አላችሁ።

ከዚያ አለማምዷቸው። አሰልጣኙ ሰብሳቢ ይሁን። ያቋርጣቸው። «ጊዜ የለንም፣ እለፉት» ይበላቸው። ልጁ ከተቀመጠበት ተነስቶ ቃሉን ጮክ ብሎ ይበል። መጀመሪያ ይስቃሉ። ሦስተኛው ዙር ላይ ድምፃቸው ይስተካከላል። ልክ እንደ ዳገት ሥራ ነው፤ አካሉ ካላወቀው ጭንቅላት ብቻውን አያመጣውም።

6. ማዳመጥና መለየት

በቃሉና በወረባቦ ወረዳዎች በኩል አበጋር የሚባሉ ሽማግሌዎች አሉ። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ያስታርቃሉ። ለፍርድ ሳይቸኩሉ የሁለቱንም ወገን ቃል ይሰማሉ። ተወካዮቼን «እንደነሱ ስሙ» እላቸዋለሁ። ተወካይ ስብሰባ ከመግባቱ በፊት ጆሮውን ማስቀደም አለበት።

አንድ ደብተር ይያዝ። ገጹ በሦስት ይከፈል፦ ችግሩ ምንድን ነው፣ ስንት ሰው ይነካል፣ ምን እንዲደረግ ይፈለጋል። ስም አይጻፍ፤ ደብተር ይጠፋል፣ ይነበባል። ሦስተኛው ክፍል ባዶ ሆኖ ከቀረ ጉዳዩ ገና አልበሰለም። «ክለቡ አይረዳንም» ጥያቄ አይሆንም። «ከጥር በፊት ለ15 ሰው ጫማ ይገዛልን» ጥያቄ ነው።

የአንድ ሰው ብቻ የሆነውን ከሁሉም ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የአንዱ የኪስ ገንዘብ ዘግይቶ ከሆነ ጸሐፊው ጋ ሄዶ መጨረስ ይቻላል። የአሥሩም ከዘገየ አጀንዳ ነው።

አሁን አንድ ከባድ ነገር። አንዲት ልጅ ወደ ሴቷ ተወካይ መጥታ ሰው ጎዳኝ ወይም ነካካኝ ብትል ያ በፍጹም የስብሰባ አጀንዳ አይሆንም። ደብተርም ላይ አይጻፍም። ለጓደኞችም አይነገርም። ተወካይዋ ልጅቷን አምና ትስማት፤ ብቻዋን አትተዋት። በዚያው ቀን የምታምነው አዋቂ ሰው ዘንድ፣ ሕክምና ካስፈለገ ጤና ተቋም፣ ከዚያ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ወደሚይዘው መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ፖሊስ አብራት ትሂድ። ክለብ ውስጥ በሽምግልና «ይታለፍ» የሚባል ነገር አይደለም። ይህን ከመጀመሪያው ሳምንት አስተምሩ፤ ሲደርስ መማር ረፍዷል።

7. ስብሰባው ውስጥ

አንድ ስብሰባ፣ አንድ ዋና ጉዳይ። አምስት ጥያቄ ይዞ የገባን ሰው አምስቱንም በእሺታ ይቀበሉታል፤ አንዱም አይሠራም። ቁጥር ይያዝ፣ ሐሳብ ይቅረብ፣ ቀን ይጠየቅ። እንዲህ፦

«የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። 22 አትሌቶች ነን። ሁሉንም ጠይቄያለሁ። የ15ቱ የልምምድ ጫማ አልቋል፤ ሦስቱ አሁን ጉዳት ላይ ናቸው። ለሁላችንም ዘንድሮ ይገዛ አልልም። ለ15ቱ ከጥር በፊት ይገዛልን፤ የቀሪዎቹ በመጪው በጀት ይያዝልን። ውሳኔው ከነቀኑ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር እጠይቃለሁ።»

ይህ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ልጁ ከመግባቱ በፊት ሦስት ጊዜ በቃሉ ይበለው።

ሌላም አለ። ተወካዩ ራሱ የሚጠቀምበት ጉዳይ ከመጣ፣ ለምሳሌ ማን ለውድድር ይሂድ ሲባል ስሙ ካለበት፣ «ጉዳዩ እኔንም ስለሚነካ በዚህ ድምፅ አልሰጥም» ብሎ ይውጣ። ማንም ሳይጠይቀው። ይህን አንድ ጊዜ ያደረገ ልጅ ቃሉ ከዚያ በኋላ ይሰማል።

8. መመለሻው

ስብሰባው ባለቀ በሦስት ቀን ውስጥ ሪፖርት ይቅረብ። ቦታው ሜዳው ነው፤ ሰዓቱ ከማሟሟቂያ በፊት። ከልምምድ በኋላ ከሆነ ግማሹ ወደ ትምህርት ቤት፣ ግማሹ ወደ ሥራ ይሮጣል።

ያቺ ጃኬት ትይዝ የነበረችው ልጅ በኋላ እኛው ክለብ ውስጥ ተወካይ ሆነች። የመጀመሪያ ሪፖርቷን አልረሳውም። ሆጤ ሜዳ፣ ማለዳ፤ የደሴ ብርድ ታውቁታላችሁ። ልጆቹ እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ከተው ክብ ሠርተው ቆመዋል። ደብተሯን ገለጠች። «ሦስት ነገር ይዤ ሄጄ ነበር» አለች። «መጀመሪያ ያልተሳካውን ልንገራችሁ። ውሎ አበሉ አልተጨመረም። ለመጪው ሩብ ዓመት ይታያል ተብሏል፤ ልዩነቴን አስመዝግቤያለሁ። ጫማው ተፈቅዷል፣ ለ12 ሰው። ለ15 ነበር የጠየቅነው። ማን ይቅደም የሚለውን እኔ አልወስንም፤ አሁን እዚሁ እንወስን።» ወሰኑ። ጉዳት ላይ የነበሩት ሦስቱ ቀደሙ። አንድ ትልቅ ልጅ «የኔ ትንሽ ይሄዳል» ብሎ ተራውን ለቀቀ። ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ሦስት ነገር አስተውሉ። ያልተሳካውን አስቀደመች። የተሳካውን ከነጉድለቱ ነገረች። ውሳኔውን ለባለቤቶቹ መለሰች። ተወካዮቻችሁን ይህን ሦስቱን አስለምዱ። ጥያቄው መልስ ባያገኝ እንኳ «አልመለሱልኝም፣ በ15 ቀን ውስጥ እንደገና እጠይቃለሁ» መባል አለበት። ዝምታ ሐሜት ይወልዳል፤ ከሐሜት በኋላ ደግሞ እውነቱን ብትናገሩም አይታመንም።

9. ተወካዩን ጠብቁት

ይህ የአሰልጣኙና የኮሚቴው ሥራ ነው። የተናገረ አትሌት ለውድድር ሲመረጥ ከተዘለለ ሁለተኛ ማንም አይናገርም። ስለዚህ ከምርጫው በፊት ኮሚቴው በጽሑፍ ይወስን፦ ተወካይ ኃላፊነቱን በመወጣቱ ከምርጫ፣ ከትጥቅ፣ ከአበል አይጎድልበትም። የውድድር ምርጫ መስፈርቱም ሰዓትና ውጤት ላይ ቆሞ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ያኔ ቂም የሚደበቅበት ቦታ አይኖርም።

ስብሰባ በልምምድ ሰዓት አይጠራ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚመጣ ልጅ ከሆነ የትራንስፖርቱ ሒሳብ ይሸፈን። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቅርብ ይመስላል፤ ዳገቱንና የሚኒባሱን ወረፋ ስታስቡት ግማሽ ቀን ነው። ልጁ ከኪሱ እየከፈለ እንዲያገለግል አትጠብቁ።

ለአሰልጣኞች አንድ ቃል። ተወካይ ሲጠነክር አንዳንዴ እኛንም ይጠይቃል። «ለምን ልምምዱ በዚህ ሰዓት ሆነ?» ይለናል። ደም ይሞቃል፤ ለእኔም ሞቆ ያውቃል። ቆም ብዬ መልስ ስሰጥ ግን ልጆቹ ልምምዱን በበለጠ ልብ ሠሩት። ምክንያቱን ያወቀ ሯጭ ሰዓቱን አያሳልፍም።

10. ከክለብ በላይ ያለው መሰላል

ከክለብ ወደ ከተማ ፌዴሬሽን፣ ከዚያ ወደ ክልል፣ ከዚያ ወደ አገር አቀፍ ይኬዳል። በየደረጃው ያለውን ደንብ እንደ ክለቡ ደንብ አስነብቧቸው። ጎበዞቹ ደግሞ ዓለም አቀፉን ይወቁ።

በዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ውስጥ አትሌቶች የራሳቸው ኮሚሽን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። በዚያ ዓመት በጀርመኗ ባደን ባደን በተደረገው የኦሊምፒክ ጉባኤ ስፖርተኞች ቆመው ተናገሩ። ከነሱ አንዱ እንግሊዛዊው ሯጭ ሰባስቲያን ኮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የዓለም አትሌቲክስ ፕሬዚዳንት ነው። ዛሬ ኮሚሽኑ እስከ 23 አባላት አሉት። 12ቱን የሚመርጡት ኦሊምፒክ ላይ ያሉ አትሌቶች ራሳቸው ናቸው፤ ዘመናቸው 8 ዓመት ነው። የኦሊምፒክ ቻርተርም የየአገሩ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የተመረጡ የአትሌቶች ተወካዮችን እንዲያካትት ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የአትሌቶች መብትና ኃላፊነት መግለጫ ጸድቋል፤ 12 መብትና 10 ኃላፊነት ይዘረዝራል። አንዱን ቅዳሜ ለሱ ስጡት፤ ልጆቹ የክለባቸውን ደንብ ከሱ ጋር ያስተያዩት።

የዚምባብዌዋ ዋናተኛ ከርስቲ ኮቨንትሪ እ.ኤ.አ. በ2013 በዚህ በአትሌቶች በር ገባች። ቀጥሎ የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ሆነች። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች፤ የመጀመሪያዋ ሴትና የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት። ይህን ስነግራቸው የሴቶቹ ፊት ይለወጣል።

የራሳችንም አለ። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስና ለብሔራዊ ቡድኑ ተጫውተዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ ነበሩ፤ ከ1972 እስከ 1987 በፕሬዚዳንትነት መሩት። የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ከስፖርት መድረክ ለማግለል በተደረገው ትግል ፊት ቀደም ነበሩ። ከሜዳ ወደ ጠረጴዛ የሚወስደው መንገድ ለእኛ አዲስ አይደለም።

ለዚህ ደረጃ ቋንቋ ያስፈልጋል። አትሌት 365 የሚባለው የኦሊምፒክ ኮሚቴው የአትሌቶች መድረክ በኢንተርኔት ነፃ ትምህርቶች አሉት። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ስልክ ያንብቡ። ደሴም ኮምቦልቻም የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፤ በሳምንት አንድ ሰዓት የሚያግዝ ተማሪ ብትጠይቁ አታጡም።

11. ርክክብ

ዘመኑ ሲያልቅ ደብተሩ አብሮ እንዳይሄድ። ደብዳቤዎቹ ከነገቢ ቁጥራቸው፣ የቃለ ጉባኤ ኮፒዎችና የሪፖርት ማስታወሻዎች በአንድ ፋይል ይሁኑ፤ ፈርመው ይረካከቡ። መልስ ያላገኙ ጥያቄዎች ተለይተው በአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከነቀናቸው ይገልበጡ። አሮጌው ተወካይ ሁለት ስብሰባ ከአዲሱ ጋር አብሮ ይግባ። በመጀመሪያው አሮጌው ይናገር፣ አዲሱ ይጻፍ። በሁለተኛው አዲሱ ይናገር፣ አሮጌው ዝም ይበል። በሦስተኛው አሮጌው ተወካይ ስብሰባ አይገባም፤ ሜዳው ላይ ከሌሎቹ ጋር ክብ ውስጥ ቆሞ ሪፖርቱን ይጠብቅ።